ማፈንዳት ማጽዳት አይደለም፦ በባሕር ወለል ላይ የተኛው የጦርነት ዕዳ

በ2013 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ባሕር፣ ቦርኩም ከተባለችው የጀርመን ደሴት አጠገብ፣ 30 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው ሥራቸው አልቆ ነበር። ሪፍጋት የሚባለው ይህ ጣቢያ 108 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ነፋሱ ይነፍሳል፤ ተርባይኖቹም ዝግጁ ናቸው። ይሁንና ኤሌክትሪኩን ወደ የብስ የሚያሻግረው ገመድ በጊዜው ሊዘረጋ አልቻለም፤ ገመዱ በሚያልፍበት የባሕር ወለል ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ቦምቦችና ተተኳሾች ተገኝተዋልና። ተርባይኖቹ በጨዋማው አየር እንዳይዝጉ በናፍጣ ጄኔሬተር ኃይል እየተሰጣቸው ለወራት ቆዩ። ንጹሕ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራው ጣቢያ ናፍጣ ሲያስቃጥል ከርሞ ከዋናው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር የተገናኘው በፌብሩዋሪ 2014 ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙዎች እንደ አስቂኝ አጋጣሚ ያነሡታል። ለእኔ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። አውሮፓ ባሕሯን የኃይል ማመንጫ ለማድረግ በምትጣደፍበት በዚህ ዘመን፣ ያልፈነዱ የጦር መሣሪያዎችን ጉዳይ በአብዛኛው ለግንባታ ኩባንያዎች ትታዋለች። ኩባንያው የራሱን መንገድ ብቻ ይጠርጋል፤ በመንገዱ የተጋረጠውንም ለረጅም ጊዜ በቆየው ልማድ መሠረት ባለበት ያፈነዳዋል። ይህ አሠራር መለወጥ ይኖርበታል። የተገኘውን መሣሪያ አውጥቶ በተዘጋጀ ቦታ ማጥፋት መደበኛው ሥርዓት፣ ማፈንዳት ደግሞ ሌላ ምንም አማራጭ ሲጠፋ ብቻ የሚፈቀድ ልዩ ሁኔታ ሊሆን ይገባል። ዋናውን ወጪ መሸከም ያለባቸውም መሣሪያውን ወደ ባሕር የጣሉት መንግሥታት ናቸው።

ጉዳዩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኤፕሪል 2023 በቤልጅየሟ የወደብ ከተማ በኦስተንድ የተሰበሰቡ ዘጠኝ አገሮች፣ በሰሜን ባሕርና በአካባቢው ከሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖች በ2030 ወደ 120 ጊጋዋት፣ በ2050 ደግሞ ቢያንስ 300 ጊጋዋት ኃይል የማመንጨት ዐቅም ለመገንባት ተስማምተዋል። ይህ ማለት በሺህ የሚቆጠሩ ምሰሶዎች በባሕሩ ወለል ላይ ይተከላሉ፤ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ገመድም ይቀበራል ማለት ነው። ሪፍጋትን ያጋጠመው ችግር በአንድ ደሴት አጠገብ የሚቀር አይሆንም።

ወደ ባሕሩ እንዴት ገቡ?

እነዚህ መሣሪያዎች ባሕር ውስጥ የገቡት በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ውጊያው ራሱ ነው። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ተፋላሚዎቹ የመርከብ መተላለፊያዎችን ለመዝጋት እጅግ ብዙ የባሕር ፈንጂ አጥምደዋል። ሁለተኛው የአየር ዘመቻው ነው። ወደ ጀርመን ከተሞች የተላኩ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዒላማቸውን ሳያገኙ ሲቀሩ ወይም ተመትተው ሲመለሱ፣ በደህና ለማረፍ ሲሉ የቀረውን ቦምብ ባሕር ላይ ያራግፉት ነበር።

ሦስተኛውና ትልቁ መንገድ ግን ከጦርነቱ በኋላ የተደረገው ነው። ከ1945 ጀምሮ አሸናፊዎቹ መንግሥታት የተሸነፈችውን ጀርመን ትጥቅ በፍጥነት ለማጥፋት ፈለጉ። ርካሹና ፈጣኑ ዘዴ በመርከብ ጭኖ ባሕር ውስጥ መጣል ሆኖ ተገኘ። ለመጣያነት የተከለሉ ቦታዎች ነበሩ። ሆኖም የሚከፈላቸው በምልልስ ቁጥር በመሆኑ አንዳንድ መርከበኞች ጭነታቸውን ከተባለው ቦታ ሳይደርሱ በየመንገዱ እየጣሉ ተመለሱ። ስለዚህ መዛግብቱ የሚያመለክቱት ቦታና መሣሪያው በእርግጥ የሚገኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

በጀርመን የባሕር ክልል ብቻ 1.6 ሚሊዮን ቶን ያህል የጦር መሣሪያ እንዳለ ይገመታል፤ 1.3 ሚሊዮኑ በሰሜን ባሕር፣ 300,000ው በባልቲክ ባሕር። 5,000 ቶን ያህል የኬሚካል መሣሪያም ከዚህ በተጨማሪ አለ። 1.6 ሚሊዮን ቶን ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት፣ በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱትን ባለ ተሳቢ ከባድ መኪኖች ማሰብ ይቻላል። አንዱ 40 ቶን ቢጭን 40,000 መኪኖች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ 20 ሜትር ይዞ አንዱ ከአንዱ ሳይራራቅ ቢሰለፉ፣ ሰልፉ 800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ አብዛኛውን ይሸፍናል ማለት ነው።

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

አንድ ኩባንያ ባሕር ላይ ከመገንባቱ በፊት የሚጀምረው ከመዝገብ ቤት ነው። የአየር ድብደባ ዘገባዎች፣ የፈንጂ አጥር ካርታዎችና የመጣያ ቦታ ሰነዶች ይመረመራሉ። ቀጥሎ መርከብ ተሰማርቶ የባሕሩን ወለል በመስመር በመስመር ያስሳል። ሶናር በድምፅ ሞገድ የወለሉን መልክ ይሥላል፤ ማግኔቶሜትር ደግሞ በአሸዋው ውስጥ የተቀበረውን ብረት ያሸታል። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ውጤት የአጠራጣሪ ነጥቦች ዝርዝር ነው። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ ሲመረመሩ አሮጌ መልሕቅ፣ ሰንሰለት፣ የተጣለ ገመድ ወይም ብረት አዘል ድንጋይ ሆነው ይገኛሉ። የትኛው ምን እንደ ሆነ ለመለየት በርቀት የሚታዘዝ ጠላቂ ሮቦት ይወርዳል፤ አሸዋውን በውሃ ግፊት ገልጦ በካሜራ ይመለከታል።

ማግኔቶሜትር የማያየውም አለ። ጀርመን በአውሮፕላን ትጥላቸው ከነበሩት የባሕር ፈንጂዎች ኤል ኤም ቢ የተባለው ዓይነት ሽፋኑ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ብረት ፈላጊው መሣሪያ በላዩ ቢያልፍ ላያውቀው ይችላል፤ በውስጡ ግን 700 ኪሎ ግራም ያህል ፈንጂ ይዟል። በደቡባዊው ሰሜን ባሕር ደግሞ የአሸዋ ክምሮች እንደ በረሃ አሸዋ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳሉ። ዛሬ የተቀበረው ነገ ይገለጣል፤ ዛሬ ነጻ ነው የተባለው ቦታም ከዓመታት በኋላ ነጻ ላይሆን ይችላል። አንድን የባሕር ወለል «ከሥጋት ነጻ ነው» ብሎ የሚመሰክር ሰነድ ራሱ ጊዜ የሚያልፍበት የሆነው ለዚህ ነው።

መሣሪያው መሣሪያ መሆኑ ሲረጋገጥ ኩባንያው የሚመርጠው ከሦስት አንዱን ነው፦ ምሰሶውን ወይም ገመዱን ጥቂት አዙሮ መሣሪያውን ባለበት መተው፣ መሣሪያውን አንሥቶ ማዛወር፣ ወይም ባለበት ማጥፋት። ክርክሩ ያለው በዚህ ምርጫ ላይ ነው።

ፍንዳታው ምን ያደርጋል?

ለብዙ ዘመን የተለመደው መልስ አጭር ነበር፤ ፈንጂ አምካኞች ሌላ ፈንጂ ከጎኑ አስቀምጠው ሁለቱንም ያፈነዳሉ። የውሃው ዓምድ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ጉዳዩ አለቀ ይባላል። ከውሃው በታች ግን አላለቀም። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የፍንዳታው ግፊት ሳይለዝብ ሩቅ ይደርሳል።

ይህን ግፊት ከሚቀበሉት አንዱ ፖርፖይዝ የሚባለው ትንሹ የዓሣ ነባሪ ዘመድ ነው። ፖርፖይዝ ምግቡን የሚፈልገው በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ ድምፅ ይለቃል፣ የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል፣ ዓሣው የት እንዳለ በዚያ ያውቃል። ጆሮው የተጎዳ ፖርፖይዝ ዕውር እንደ ሆነ አዳኝ ነው፤ ፍንዳታው ባይገድለው ረኃቡ ይገድለዋል።

በኦገስት 2019 መጨረሻ ላይ በአራት ቀናት ውስጥ በባልቲክ ባሕር፣ ፌማርንቤልት በሚባለው ለተፈጥሮ ጥበቃ በተከለለ የጀርመን የባሕር ክልል፣ የኔቶ መርከቦች 42 የእንግሊዝ የባሕር ፈንጂዎችን አፈነዱ። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በአካባቢው የባሕር ዳርቻ 41 ፖርፖይዞች ሞተው ተገኙ። ተመራማሪዎች ከእነሱ 24ቱን መረመሩ፤ በ8ቱ ላይ ያገኙት የጆሮ ጉዳትና የደም መፍሰስ የሞታቸው ምክንያት የፍንዳታ ግፊት መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ለእንስሳቱ መጠለያ ተብሎ በሕግ በተከለለ ቦታ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ጸጥተኛ ነው። ፈንጂ ባለበት ሲፈነዳ በውስጡ ያለው ቅመም ሁሉ አይቃጠልም። በኪል ከተማ አቅራቢያ ኮልበርገር ሃይደ በሚባለው የመጣያ ቦታ፣ ቀደም ሲል ከተደረጉ ፍንዳታዎች የተረፈ የፈንጂ ቁራጭ ያለ ምንም ሽፋን በወለሉ ላይ ተበትኖ ይታያል። ቲ ኤን ቲ ደግሞ መርዝ ነው፤ ነቀርሳ አምጪነቱም ያሠጋል። በዚያው ቦታ በሙከራ የተቀመጡ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት የቲ ኤን ቲን ውላጆች በሥጋቸው አከማችተው ተገኝተዋል። እነዚህ እንስሳት በአውሮፓ ገበታ ላይ የሚቀርቡ ምግቦች ናቸው። ስለዚህ ባሕሩን «አጸዳን» የሚሉት ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ያደረጉት፣ በአንድ የብረት ቅል ውስጥ ታሽጎ የነበረውን መርዝ ፈትቶ መበተን ነው።

ሳይፈነዳ ማጥፋት

ሌላ መንገድ ባይኖር ኖሮ ይህን ሁሉ እንደማይቀር መከራ እንቀበለው ነበር። ግን አለ። አንደኛው መሣሪያው እንዲቃጠል እንጂ እንዳይፈነዳ ማድረግ ነው። ትንሽ ልዩ ፈንጂ የቦምቡን ቅል ይበሳና በውስጡ ያለውን ቅመም ይለኩሰዋል፤ ቅመሙም እንደ ማገዶ ነድዶ ያልቃል። በእንግሊዝ በተካሄዱ ሙከራዎች በዚህ ዘዴ የሚወጣው ድምፅ ከሙሉ ፍንዳታው ከ20 ዴሲቤል በላይ ዝቅ ብሎ ተለክቷል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ትርጉሙ የድምፁ ግፊት ወደ ዐሥረኛ እጅ ወረደ ማለት ነው። የእንግሊዝ መንግሥትና የባሕር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶቹ በጃንዋሪ 2025 ባወጡት የጋራ መግለጫ ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው ዘዴዎች መደበኛው አሠራር እንዲሆኑ ወስነዋል። እንዲህ ያለው ውሳኔ የግንባታውን ሥራ እንዳላቆመውም እያየን ነው።

ሁለተኛው የአረፋ መጋረጃ ነው። ቀዳዳ ያለው ቱቦ በመሣሪያው ዙሪያ በወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ ከመርከብ ላይ የታመቀ አየር ይለቀቅበታል፤ የሚነሣው የአረፋ ግድግዳ ከፍንዳታው የሚወጣውን ግፊት ይመጠዋል፣ ይበትነዋልም። ማፈንዳት ግድ በሚሆንበት ጊዜ ያለዚህ መጋረጃ ሊፈቀድ አይገባም።

ሦስተኛውና ዘላቂው መሣሪያውን ማውጣት ነው። ጀርመን 100 ሚሊዮን ዩሮ መድባ በ2024 በሉቤክ የባሕር ወሽመጥ የሙከራ ሥራ ጀምራለች። በወለሉ ላይ በሚሄዱ ሮቦቶችና ከመርከብ በሚወርዱ መንጠቆዎች የጥይት ሣጥኖችና ተተኳሾች እየተለቀሙ ይወጣሉ። ዓላማው ጠላቂ ሰው አደጋ ላይ ሳይወድቅ መሣሪያውን አውጥቶ እዚያው ባሕር ላይ በሚንሳፈፍ ማቃጠያ የሚያጠፋ ሥርዓት መፍጠር ነው። ይህ በእውነት የሚመሰገን ጅምር ነው። ነገር ግን 100 ሚሊዮኑን ለ1.6 ሚሊዮን ቶን ብናካፍለው ለአንድ ቶን የሚደርሰው 62 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። የሙከራ ገንዘብ እንጂ የሥራው ገንዘብ አይደለም።

«መንገዴን ብቻ»

ኩባንያዎችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ኩባንያው የሚጠየቀው ሠራተኞቹንና ንብረቱን ከአደጋ እንዲጠብቅ ነው። ስለዚህ ምሰሶ የሚተከልበትንና ገመድ የሚቀበርበትን ጠባብ መስመር ያጸዳል፤ ከመስመሩ 100 ሜትር ወጣ ብሎ የተኛውን ቦምብ ግን ባለበት ይተወዋል። ያሰሰበት መረጃም ብዙ ገንዘብ የወጣበት ስለ ሆነ የግል ንብረቱ አድርጎ ይይዘዋል። ነገ ሌላ ኩባንያ ጎን ለጎን ሌላ ገመድ ሊዘረጋ ሲመጣ ያንኑ ወለል እንደ አዲስ ያስሳል። ባሕሩ አንድ ሆኖ ሳለ ጽዳቱ በክር በክር የተከፋፈለ ነው።

ይህ አካሄድ ምን እንደሚያመጣ ከ30 ዓመት በፊት ታይቷል። በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ መካከል ቦፈርትስ ዳይክ የሚባል ጥልቅ የባሕር ሸለቆ አለ፤ ብሪታንያ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ የጦር መሣሪያ ጥላበታለች። በ1995 የጋዝ ቧንቧ በአቅራቢያው ሲዘረጋ፣ የቁፋሮው ሥራ የተኛውን ቀሰቀሰው። በሺህ የሚቆጠሩ የፎስፈረስ ተቀጣጣይ መሣሪያዎች ተንሳፍፈው ወደ ስኮትላንድ የባሕር ዳርቻዎች ወጡ፤ አንዱን ያነሣ የአራት ዓመት ሕፃንም ተቃጠለ። ቧንቧው ተዘርግቶ ጋዙ ፈሰሰ፤ የግንባታውን አደጋ የተቀበለው ግን በግንባታው ውል ላይ ስሙ ያልነበረ ልጅ ነው።

የዓሣ አጥማጆችም ዕጣ ይኸው ነው። በ2005 በሰሜን ባሕር ላይ አንድ የሆላንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ በመረቡ ያወጣው የጦርነቱ ዘመን ቦምብ ጀልባው ላይ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። በጀርመን የባልቲክ ዳርቻ የምትኖሩ ወይም ለዕረፍት የምትሄዱ አንባቢዎችም አንድ ነገር ዕወቁ። አምበር የሚባለውን ብጫ የጌጥ ድንጋይ የሚመስል ቁራጭ በአሸዋው ላይ ብታገኙ በኪሳችሁ አትያዙት፤ ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ። ከቦምብ የወጣ ነጭ ፎስፈረስ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ሳለ ድንጋይ ይመስላል፤ ሲደርቅና ሲሞቅ ግን በራሱ ይቀጣጠላል።

ዕዳው የማን ነው?

በ1907 በሄግ የተፈረመው ስምንተኛው ስምምነት ጉዳዩን በቀጥታ ይናገራል፤ ጦርነቱ ሲያበቃ እያንዳንዱ መንግሥት ያጠመደውን የባሕር ፈንጂ ለማንሣት የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ፣ በጠላቱ ዳርቻ ያጠመደውንም ቦታ እንዲያሳውቅ ያዛል። መርሁ ግልጽ ነው፤ የጣለ ያንሣ። ከዚህ በኋላ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፎ በ2003 ስለ ፈንጂ የጦርነት ቅሪቶች የጸደቀው ፕሮቶኮል አምስት ግን የተፈጻሚነቱን ወሰን በየብስና በውስጥ ውሃዎች ላይ ብቻ አደረገ። የተቀረው ባሕር ከውሉ ውጭ ቀረ። በሰፊው ባሕር ለተጣለው 1.6 ሚሊዮን ቶን የሚጠየቅ ወገን ስላልተገኘ፣ ዕዳው በመጨረሻ መሬቱን ወደሚቆፍረው ኩባንያ፣ ከኩባንያውም ወደ ኤሌክትሪክ ከፋዩ ሕዝብ ይወርዳል። በጀርመን የባሕር ላይ መስመሮች መዘግየት የሚያስከትለው ካሳ በአብዛኛው በተጠቃሚው ሂሳብ ላይ ይታከል ዘንድ በሕግ ተፈቅዷል። በፍራንክፈርት ወይም በሙኒክ የምትኖር ኢትዮጵያዊት የምትከፍለው የመብራት ሂሳብ ውስጥ ከመወለዷ በፊት የተጣለ ቦምብ ድርሻ አለው ማለት ነው።

መንግሥታት ሲፈልጉ ግን ሥራው እንደሚሠራ በባሕረ ሰላጤው ያሉ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። በ1991 ኢራቅ በኩዌት ዳርቻ ከ1,000 በላይ የባሕር ፈንጂ አጥምዳ ነበር። ሁለት የአሜሪካ የጦር መርከቦች በአንድ ቀን ተመተውባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በማርች 1991 ባሳለፈው ውሳኔ 686 ኢራቅ በየብስም በአጎራባቹ ባሕርም ያጠመደችውን እንድታሳውቅ አዘዘ። ካርታው ተሰጠ፤ የብዙ አገሮች መርከቦች ተሰማሩ፤ ዋናው ጽዳት በወራት ውስጥ ተጠናቀቀ። ልዩነቱ በቴክኖሎጂው ላይ አልነበረም፤ ዛሬ ያለው ከዚያን ጊዜው እጅግ ይልቃል። ልዩነቱ ካርታው መሰጠቱ፣ ኃላፊውም መታወቁ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ባሕር ባይኖረንም የዚህን ዕዳ ጠባይ እናውቀዋለን። በ1998 ተጀምሮ በ2000 ያበቃው የድንበር ጦርነት የቀበራቸው ፈንጂዎች፣ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተካሄደው ጦርነት የተዋቸው ተተኳሾች፣ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም እረኛንና ሕፃንን ሲገድሉ አይተናል። ጦርነት የሚያበቃው ፊርማው ሲፈረም ሳይሆን የመጨረሻው ፈንጂ ሲነሣ መሆኑን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሚቀርቡት መቃወሚያዎች

በሌላ ወገን የሚነሡት ሐሳቦች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ነው፤ አሮጌ ፈንጂን መነካካት ባለበት ከማፈንዳት ይልቅ ለባለሙያው አደገኛ ነው ይባላል። እውነት ነው። በኦክቶበር 2020 በፖላንድ፣ ሽቪኖውይሽቼ በተባለችው የወደብ ከተማ ባለ ቦይ ውስጥ የተገኘ 5.4 ቶን የሚመዝን የእንግሊዝ ቦምብ እንዲቃጠል ታስቦ ሳለ ሙሉ በሙሉ ፈንድቷል። ነገር ግን 750 ያህል ነዋሪዎች አስቀድመው እንዲርቁ ተደርጎ፣ ሥራውም በርቀት የተከናወነ በመሆኑ አንድም ሰው አልተጎዳም። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ፍንዳታ ሊከተል እንደሚችል ታስቦ ዝግጅት ይደረግ፤ ፍንዳታው ግን ግብ አይሁን። መንካት የማይቻል መሣሪያ ሲገኝም፣ ይህን የሚወስነው በሥራው መዘግየት ገንዘብ የሚያጣው ወገን ሳይሆን ገለልተኛ ባለሙያ ይሁን።

ሁለተኛው መቃወሚያ ጊዜ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ አይጠብቅም፤ ለቦምብ ለቀማ ብለን የነፋስ ኃይልን ልናዘገይ አይገባም ይላሉ። ሪፍጋት ግን የሚነግረን ተቃራኒውን ነው። ሥራውን ያዘገየው ጽዳቱ ሳይሆን የጽዳቱ በሰዓቱ አለመደረግ ነው። ጨረታ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት በመንግሥት የታሰሰና የጸዳ ባሕር ለገንቢው ፈጣኑ መንገድ ነው።

ሦስተኛው አስገራሚ ነው። በ2025 የወጣ አንድ ጥናት በሉቤክ የባሕር ወሽመጥ በተጣሉ የሚሳይል ፈንጂዎች ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 43,000 የሚጠጉ ሕያዋን ሲኖሩ፣ በዙሪያው ባለው ደለል ላይ ግን 8,000 ያህል ብቻ መገኘታቸውን አሳይቷል። ታዲያ ለምን እንነካቸዋለን የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን እንስሳቱ የፈለጉት ፈንጂውን ሳይሆን የሚጣበቁበትን ጠንካራ ገጽ ነው፤ በባሕሩ ወለል የነበረው ድንጋይ በሰው እጅ ተለቅሞ አልቋልና። መርዙን አንሥቶ በምትኩ ንጹሕ ድንጋይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጥናቱን ያካሄዱት ሰዎች ራሳቸውም እንዲህ ያለውን ምትክ ይደግፋሉ።

ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየግንባታው የሚሰበሰበው የባሕር ወለል መረጃ ለመንግሥት እንዲሰጥና በአንድ የጋራ ካርታ እንዲቀመጥ የግንባታ ፈቃዱ ግዴታ ያድርግ፤ በየአገሩ የጦር መዛግብት ውስጥ የቀሩ ሰነዶችም ይከፈቱ። ሁለተኛ፣ ማፈንዳት በፈቃድና ከአረፋ መጋረጃ ጋር ብቻ ይሁን፤ የእንግሊዝን ውሳኔ ሌሎቹም የባሕሩ ጎረቤቶች ይከተሉ። ሦስተኛ፣ በጦርነቱ የተሳተፉና ባሕሩን የሚካፈሉ መንግሥታት በቋሚነት የሚያዋጡበት የጽዳት ገንዘብ ይቋቋም፤ ጽዳቱም ከገመዱ መስመር ወጥቶ ወደ መጣያ ቦታዎቹ ይድረስ። ቱርክ፣ ሩማንያና ቡልጋሪያ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት በጥቁር ባሕር የሚንሳፈፉ ፈንጂዎችን በጋራ ለማጽዳት በጃንዋሪ 2024 ተስማምተዋል። ለትላንቱ ፈንጂ የተገኘው ኅብረት ለሰማንያ ዓመቱ ፈንጂ የማይገኝበት ምክንያት የለም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የእነዚህ መሣሪያዎች የብረት ቅል በጨው ውሃ እየተበላ ነው። ዛሬ ሮቦት ሊያነሣው የሚችለው ቦምብ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሲነካ የሚፈረካከስ ዝገት ይሆናል፤ መርዙ ውሃው ውስጥ ከተበተነ ደግሞ የሚለቅመው መሣሪያ የለም። በአሁኑ ጊዜ ባሕሩን የሚያስሱ መርከቦች አሉ፤ ሮቦቶቹ ተሠርተዋል፤ ገንዘቡም ለተርባይኖቹ እየፈሰሰ ነው። በበርሊን፣ በለንደን፣ በአምስተርዳም ወይም በስቶክሆልም ድምፅ የምትሰጡ፣ ግብርና የመብራት ሂሳብ የምትከፍሉ አንባቢዎች፣ የሕዝብ ተወካዮቻችሁን «የምንከፍለው ለጽዳት ነው ወይስ ለፍንዳታ?» ብላችሁ ለመጠየቅ መብቱ አላችሁ። ጥያቄው መልስ የሚኖረው ደግሞ ብረቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።